ለአማረች የሰጠኋት ትራንዚስተር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልተናገርኩም፤ ለባሌም አልተናገርኩም። ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ዘርዝሬ ለምነግራቸው ለንስሐ አባቴም ቢሆን ይህንን ዘልዬዋለሁ። ረስቼው አይደለም። ብነግራቸው ስግደት ያዙኛል፤ እሰግዳለሁ፣ ጉልበቴን ያመኛል፣ ከዚያ ይፈቱኛል። እኔ ደግሞ መፈታት አልፈልግም። ጉልበት በማመም የሚያልቅ ነገር አላደረግኩም። ለእናንተ ለማታውቁኝ የምናገረው ለዚህ ነው፤ እናንተ እኔን የመፍታት ሥልጣን የላችሁም።

ያደረግኩት ይህ ነው። የተቃጠለ ትራንዚስተር ለጓደኛዬ ሰጠኋት። መቃጠሉን አውቅ ነበር፤ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ይሠራል ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ይሠራል አልኳት።

አሁን ትስቁ ይሆናል። ትራንዚስተር እኮ የጣት ጥፍር የማታክል፣ ሦስት እግር ያላት ጥቁር ዕቃ ናት። ሰው የገደልሽ መስሎን ነበር ትሉኝ ይሆናል። ሳቁ፣ አልከለክላችሁም። ብቻ ሳትጨርሱ አትሂዱ።

ተወልጄ ያደግኩት ቦንጋ ነው። አያቴ ከሰሜን በጸሐፊነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ እኛ ቤት የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነበር። የአገሬውን ቋንቋ ካፊኖኖን የምሰማው ገበያ ለመገበያየት ያህል ነው፤ ይህንንም በዚያን ጊዜ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ማዕረግ ነበር የምቆጥረው። በከተማችን በኪራይ ሕንፃ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ዲግሪ የሚያስተምር አንድ ትንሽ ኮሌጅ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ የለም፤ ሕንፃው የቤት ዕቃ መሸጫ ሆኗል። እኔ እዚያ የክፍሉ አንደኛ ነበርኩ። አንደኛ መሆኔን ደግሞ የማያውቅ ሰው በአካባቢው እንዳይኖር እናቴም እኔም የተቻለንን አድርገናል።

አማረች የመጣችው ከቢታ ገነት ወዲያ ካለ መንደር ነው። አባቷ ቡናና ንብ ያላቸው ገበሬ ናቸው። የሚያስተምራት ወረዳው ነበር፤ ስትመረቅ ተመልሳ ቢታ ላይ ይከፈታል በተባለው የቴክኒክ ትምህርት ቤት እንድታስተምር ነው የላካት። ውሉ አጭርና ግልጽ ነበር፤ አንድ ኮርስ ከወደቀች ወረዳው እሷን ትቶ ሌላ ሰው ይልካል። ይህንን ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ አውቃለሁ፤ ምክንያቱም የምትኖረው እኛ ግቢ፣ ከኋላ ባለችው ክፍል ውስጥ ነበር። እናቴን እትዬ ትላታለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ገበያ ይወርዳሉ። እኔ ላጠና ስቀመጥ እሷም ወንበሯን ይዛ ትመጣለች።

በዚያን ዘመን አንድ ለአምስት የሚባል አደረጃጀት ነበር፤ ቀበሌውም መሥሪያ ቤቱም ገበሬውም በአንድ ለአምስት ተደራጅቶ ነበር። ተማሪ የሆናችሁ ታስታውሱታላችሁ። ጎበዝ የተባለ ተማሪ አምስቱን ይመራል፤ የሰነፉም የጎበዙም ጉዳይ ይመለከተዋል። የእኛ ቡድን መሪ እኔ ነበርኩ፤ አማረችም ከአምስቱ አንዷ ነበረች። ላብራቶሪ ስንገባ የመሪው ሥራ ይህ ነበር፦ መልቲሜትሩ ለቡድን አንድ ስለሆነ እሱ ይይዘዋል፤ ዕቃውን ሁሉ እየለካ ደህናውን ከብልሹ ይለያል፤ ለአባላቱ ያድላል፤ መጨረሻ ላይ ዕቃው የተሰካበትን የሁሉንም ቦርድ ፈትቶ ይመልሳል። አንድ አባል ዕቃ ሲቀበል ራሱ አይለካም። ተለክቷል ከተባለ ተለክቷል፤ የሚጠራጠር ሰው አልነበረም።

ሰነፍ ነበረች ወይ? አልነበረችም። አማርኛዋ ይሰናከል ነበር፤ እንግሊዝኛዋ ደግሞ ከአማርኛዋ የባሰ ነው። ክፍል ውስጥ ተጠይቃ ስትነሳ መልሱን ከማግኘቷ በፊት ቃሉን ትፈልጋለች፤ ቃሉን እስክታገኝ መምህሩ ወደ ሌላ ይሄዳል። እኛም መዘግየቷን አለማወቅ ነው ብለን ቆጠርነው። ግን አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ትራንዚስተር እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳት ስለፋ ነበር። ቤዝ በሚባለው እግር ጥቂት ኮረንት ሲገባ ከሁለተኛው እግር ከኮሌክተር ወደ ሦስተኛው ወደ ኤሚተር ብዙ ኮረንት ያልፋል፤ ጥቂቱ ብዙውን ያዝዘዋል። ደጋግሜ ነገርኳት። ሰማችና ድንገት ፊቷ በራ።

“ልክ እንደ ቀፎ በር ነው” አለች። “በሩ ላይ ጥቂት ጠባቂ ንቦች አሉ። እነሱ እሺ ካሉ መንጋው ይገባል። እነሱ እምቢ ካሉ መንጋው ውጭ ይቀራል። ጠባቂዋ ግን ከአቅሟ በላይ ከመጣባት ትሞታለች፤ ለዚህ ነው ኮረንቱን የሚቀንስ ሬዚስተር የምናደርግላት፣ አይደለም?”

ነው አልኳት። መጽሐፉ በሁለት ገጽ ያልነገረኝን ነው የነገረችኝ። ያንን ቀን ደስ አለኝ ብላችሁ ውሸት ይሆናል። ቀናሁባት፤ ከዚያ ቶሎ ብዬ ቅናቴን ወደ ንቀት ለወጥኩት፤ የገጠር ልጅ ስለሆነች ሁሉ ነገር ንብ ይመስላታል ብዬ ለራሴ ነገርኩ።

የተግባር ፈተናው ቀን መጣ። የኤሌክትሮኒክስ መሠረታዊ ትምህርት ግማሹ ነጥብ የዚያ ቀን ነበር። መብራት በፈረቃ ስለነበር የእኛ ሰፈር ፈረቃ እስኪያልቅ መጨረስ አለብን ተባለ፤ ሁሉም ሰው ይጣደፋል። ፈተናው ቀላል ነው፤ አንድ ትራንዚስተር፣ ሬዚስተሮች፣ አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት። ማብሪያውን ስትነካው መብራቷ መብራት አለባት። ትራንዚስተሩ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ነው፤ ትርፍ የለም። ዕቃ ያቃጠለ ሰው ደግሞ የተግባሩን ነጥብ ሙሉ በሙሉ ያጣል፤ ማቃጠል ሬዚስተር አለማስላት ነውና። ፈታኙ መምህር ሰሎሞን ይባላል፤ ከሌላ ክልል መጥቶ የተቀጠረ፣ ቁጡ ግን ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር።

መሪ ስለሆንኩ መጀመሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ። እኔ አንደኛዋ፣ እኔ ሌላውን የማስረዳው፣ ቤዙ ላይ መግባት ያለበትን ሬዚስተር ረሳሁት። ኃይሉን በቀጥታ አገናኘሁበት። መብራቷ ብልጭ አለችና ጠፋች፤ ቀጭን የተቃጠለ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። መምህሩ ሌላ ቡድን ጋ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። መልቲሜትሩን አነሳሁና ለካሁት። ሞቷል።

እዚህ ላይ ልቁምና እናንተን ልጠይቅ። እጄን አንስቼ አቃጥያለሁ ብል ምን ይቀርብኝ ነበር? አንደኝነቴ ይቀር ነበር። ምናልባት ኮርሱን መድገም ነበረብኝ። እኔን የሚያስተምረኝ አባቴ ነው፤ ብደግም ይቆጣል፣ ከዚያ ይተወኛል። ሌላ የሚቀርብኝ ነገር አልነበረም። ይህን የማስቀምጠው ተገድጄ ነበር እንዳትሉልኝ ነው። አልተገደድኩም። ማንም አላስፈራራኝም። ልጅ ነበርሽም አትበሉኝ፤ ልጅ አልነበርኩም፤ ሃያን አልፌ ነበር።

የቡድኑ ዕቃ ከተቀመጠበት ሳህን ላይ ሌላ ትራንዚስተር አነሳሁ፤ የሞተውን እግሮቹን አቃንቼ በቦታው መለስኩት። ሬዚስተሩን አስገባሁ፣ መብራቷ በራች፣ መምህሩ መጥቶ አየና ጎበዝ አለኝ። አሁን ሳህኑ ላይ ከቀሩት አንዱ ሬሳ ነው። ለማን ይድረስ?

ኃጢአቴ እዚህ ጋ ነው፤ በመደናገጥ የተሠራ ስህተት እንዳይመስላችሁ። ተቀምጬ መረጥኩ። ደረጀ የሚባል ልጅ ነበር፤ ለእሱ ብሰጠው እኔ ፊት ይለካልኝ ብሎ ይከራከራል። ሌላው ከመምህሩ ጋር ይቀራረባል። የቀሩት ሁለቱ ጉረኞች ነበሩ፤ ዕቃው ነው የተበላሸው ብለው ኮሌጁን ያናውጡታል፣ ሰውም ያምናቸዋል። አማረች ግን አትከራከርም። ብትከራከርም ቃሉን እስክታገኝ ይመሻል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እሷ አቃጠለች ቢባል የሚገርመው ሰው የለም። የመረጥኳት ስለምጠላት አይደለም፤ ሁሉም ሰው በቀላሉ የሚያምንባት እሷ ስለሆነች ነው።

ከሳህኑ አነሳሁና ሰጠኋት።

“ይሠራል?” አለችኝ፤ እንደ ወጉ ነው የጠየቀችው እንጂ ተጠራጥራ አይደለም።

“ይሠራል፤ ለክቼዋለሁ” አልኳት።

ቀስ ብላ፣ ንጹሕ አድርጋ ሠራች። ሽቦዎቿ እንደ ስፌት የተስተካከሉ ነበሩ። ማብሪያውን ነካች፤ መብራቷ አልበራችም። ደግማ ነካች። አንድ በአንድ ሁሉንም ሽቦ በጣቷ ተከተለች። መምህሩ መጣ፤ ጊዜ እያለቀ ነበርና ቦርዷን እንኳ አላየም፤ ትራንዚስተሩን ነቅሎ ለካው።

“አቃጥለሽዋል” አላት።

“ቲቸር፣ እኔ ሬዚስተር አስገብቻለሁ።”

“ካስገባሽ ታዲያ ለምን ተቃጠለ?”

ቃል ፈለገች። አላገኘችም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና “ማርታ ለክታው ነበር” አለች። ስትል ድምጿ ውስጥ ክስ አልነበረም፤ እንዲያውም መጠጊያ ያገኘች ነበር የምትመስለው። መምህሩም ዞረና ለክተሽው ነበር ወይ አለኝ።

አስቡት፤ ሁለተኛ ዕድል ተሰጠኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ “አዎ፣ ስሰጣት ይሠራ ነበር” አልኩ።

አለቀ። የፈተናው ሰዓትም አለቀ፤ ሁሉም ወጣ፤ ኤሌክትሪኩ ግን ገና አልጠፋም ነበር። እኔ ቦርድ ለመፍታት ቀረሁ፤ መሪ ነኛ። የሌሎቹን ፈታሁ። የእሷን ቦርድ ግን ሳልፈታ አየሁት። ለምን እንዳደረግኩት ዛሬም አላውቅም፤ የእኔን ደህናውን ትራንዚስተር የእሷ ቦርድ ላይ ሰካሁና ማብሪያውን ነካሁት። መብራቷ በራች። ሳትርገበገብ፣ ሳትደክም፣ ከእኔው ይልቅ ደምቃ በራች። ሥራዋ አንድ እንከን አልነበረበትም። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። መምህሩ ኮሪደሩ ላይ ነበር፤ ድምፁ ይሰማኝ ነበር፤ ብጠራው ይመጣ ነበር። መጀመሪያ ስዋሽ ፈርቼ ነው ልበል። መምህሩ ሲጠይቀኝም ደንግጬ ነው ልበል። ያቺን መብራት ቆሜ ሳያት ግን ምን ልበል? ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነቃቀልኩና ዕቃውን ወደ ሣጥኑ መለስኩ።

ወረዳው ቃሉን ጠበቀ። ውጤቱ በተለጠፈ ሰሞን አማረች ልብሷን ሰበሰበች። እናቴ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ እንባዬ ደግሞ የምር ነበር፤ እንባ መቼ ይመረምራል። ሻንጣዋን ተሸክሜ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። የቢታ መኪና እስኪሞላ አብረን ቆምን። ስለ ፈተናው ትጠይቀኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አልጠየቀችኝም።

“ብዙ ደከምሽልኝ” አለችኝ። “ያስረዳሽኝ ሁሉ አልገባኝም ነበር ማለት ነው። በእኔ አትዘኚ።”

እኔም አይዞሽ አልኳት። አይዞሽ! ይህን ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም ስል አፌን ይጎመዝዘኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ሕይወት ደህና ነው። በአንደኝነት ተመረቅኩ፤ እዚያው ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ኮሌጁ ሲዘጋ ሌላ ቦታ አስተማሪ ሆንኩ፤ ዛሬም ቦንጋ ውስጥ አስተምራለሁ። እንቅልፍ አጣሁ አልላችሁም፤ እተኛ ነበር። በየዓመቱ ከቢታ ለእናቴ ማር ይመጣል፤ አማረች አንድም ዓመት አልዘለለችም። ማሩን በላሁት። መራራ ሆነብኝ ብል ደስ ይላችሁ ነበር፤ አልሆነም፤ ጣፋጭ ነበር፤ ጣቴን እየላስኩ በላሁት።

ሌላም አለ። ትራንዚስተር ሳስተምር የቀፎውን በር ምሳሌ ነው የምሰጠው። ተማሪዎቼ ይወዱታል፤ ከእኔ በቀር እንዲህ የሚያስረዳ የለም ይላሉ። የማን ነው ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ነጥቧን ወሰድኩ፣ ቦታዋን ወሰድኩ፣ ንቦቿንም ጨምሬ ወሰድኩ።

ዘንድሮ ያንኑ ምሳሌ ስናገር ኋላ የተቀመጠች አንዲት አዲስ ተማሪ ፈገግ አለች። ክፍሉ ሲበተን ወደ እኔ መጣች። ብርቱካን እባላለሁ፣ ከቢታ ነኝ አለችኝ። አፍንጫዋንና አገጯን ሳይ ማንነቷን ከመናገሯ በፊት አወቅኩ።

“ቲቸር፣ እህቴም ትራንዚስተርን ልክ እንደዚህ ነበር ያስረዳችኝ” አለች። “አማረች ትባላለች። ምናልባት ከእርስዎ ነው የሰማችው፤ አብራችሁ ተምራችኋል።”

አዎ አብረን ተምረናል አልኳት። እንዴት ናት አልኳት። ደህና ናት፣ አግብታ ሁለት ልጆች አሏት፣ ቡናውንም ንቡንም የምታየው እሷ ናት አለችኝ። ከዚያ፣ “እኔ ይህን ትምህርት ልማር ስል እህቴ ፈራችልኝ” አለች።

“ምን ብላ?”

“የእኛ ቤት ጭንቅላት ለኤሌክትሮኒክስ አይሆንም አለችኝ። እኔ ሌት ተቀን አጥንቼ፣ ጎበዝ ልጅ አስረድታኝ፣ አንዲት መብራት ማብራት አቃተኝ አለች። ቲቸር፣ እውነት ጭንቅላታችን አይሆንም?”

እስከዚያ ቀን ድረስ ከአማረች የወሰድኩት ዲግሪ ይመስለኝ ነበር። ወረዳ፣ ደመወዝ፣ ትምህርት ቤት። እነዚህን ሰው ቀምቶም ሊመልሳቸው ይችላል፤ ወይ የተቀማው ሰው ሌላ ያገኛል። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የወሰድኩት። አንዲት ብልህ ሴት ይህን ሁሉ ዓመት ደደብ ነኝ ብላ ኖራለች። ራሷ ብቻ አይደለም፤ ለታናሿም ያንኑ አውርሳታለች፤ ነገ ለልጆቿ ታወርሳለች። ይህን ሁሉ ያደረግኩት እኔ ነኝ። መምህር ሰሎሞን ቦርዷን ቢያይ ኖሮ አትበሉኝ፤ አላየም፣ ያ የእሱ ነው። መብራት ኃይል ፈረቃ ባያደርግ ኖሮ፣ አንድ ለአምስት ባይኖር ኖሮ፣ ትርፍ ትራንዚስተር ቢኖር ኖሮ ብዬ እኔም ለዓመታት ሞክሬዋለሁ። ሁሉም እውነት ነው፤ ግን ይሠራል ያልኩት እኔ ነኝ፤ አንዱም ይህን ቃል በእኔ አፍ አልተናገረውም።

ይቅርታ አልጠይቅም። ትዕቢት ነው የምትሉ በሉ። ይቅርታ ብጠይቃት አማረችን አውቃታለሁ፣ ወዲያው ይቅር ትለኛለች፤ ማርም ትጨምርልኛለች። ይህ ማለት እንደገና እጄን ዘርግቼ ከእሷ አንድ ነገር መውሰድ ነው። ይበቃኛል፤ ከእሷ የወሰድኩት ይበቃኛል። እናንተም ይቅር አትበሉኝ፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።

ለብርቱካን በዚያች ሰዓት የመለስኩላት አንድ ነገር ብቻ ነው። ቅዳሜ ወደ ቤትሽ ስትሄጂ አብሬሽ እሄዳለሁ አልኳት። ደስ አላት፤ እህቴ እንግዳ ስታይ ትደሰታለች አለችኝ። ነገ ቅዳሜ ነው። በቦርሳዬ ውስጥ ቦርድ፣ ባትሪ፣ ሬዚስተሮች፣ አንዲት ቀይ መብራትና የለካሁት ትራንዚስተር አለ። መልቲሜትሩንም ይዣለሁ፤ ዘንድሮስ አማረች ራሷ ትለካለች። እህቷ ፊት ቆሜ የምላትን ደጋግሜ አጥንቻለሁ፤ ረጅም ንግግር ነበር፣ እየቆረጥኩ እየቆረጥኩ ሄድኩና ይህ ቀረ፦

አማረች፣ የሠራሽው ትክክል ነበር። የሞተ ትራንዚስተር ሰጥቼሽ ነው፤ መሞቱንም አውቅ ነበር። አንቺ ስትወጪ ቦርድሽን በደህናው ሞከርኩት፤ በርቶ ነበር።